ዶሮቴያ ቤይት፦ ከአጥንት ስባሪ የጠፋውን ባርቡር ያወቁት ሴት

ከሀይፋ ወደ ደቡብ በመኪና የሚጓዝ ሰው ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ ነሐል መዓሮት የሚል ምልክት ያያል። የዋሻዎች ሸለቆ ማለት ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ጉዞ ይሄዱበታል። በእነዚያ ዋሻዎች ዙሪያ በጥንት ዘመን የትኞቹ እንስሳት ይኖሩ እንደ ነበር አጥንታቸውን እያገላበጡ የለዩት ዶሮቴያ ቤይት የሚባሉ የዌልስ ተወላጅ ናቸው። የቀርሜሎሱ ሥራቸው ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ስለ ማልታዋ ትንሽ የውሃ ወፍ ግን ብዙ ሰው አይሰማም። በእኔ አስተያየት የሴትዮዋ ችሎታ ይበልጥ የሚታየው በእርሷ ላይ ነው።

ዶሮቴያ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1878 ካርማርተን በምትባል የዌልስ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው የፖሊስ ሹም ነበሩ። እርሳቸው ትምህርት ቤት የቆዩት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍም አልደረሱም። በ1898 ገና በ19 ዓመታቸው ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሥራ አገኙ። ሥራው ከነላባው ደርቆ የተቀመጠ የወፍ ቆዳ በየዓይነቱ መለየት ነበር። ቆይተውም ከድንጋይ ውስጥ የተጣበቀ የጥንት አጥንት ማጽዳትና ማዘጋጀት ጀመሩ።

ደመወዝተኛ ግን አልነበሩም። ሙዚየሙ በዚያን ዘመን ሴትን በሳይንቲስትነት በቋሚነት አይቀጥርም ነበር። የሚከፈላቸው ባዘጋጁት አጥንት ቁጥር፣ እዚህ አገር በካብላኑት እንደምንለው፣ በቁርጥ ነው። በቁርጥ የሚሠራ ሰው አንድ ሳምንት ቢታመም ምን እንደሚገጥመው ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገኝም። ከዚህ ሙዚየም ጋር ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ሠርተዋል፤ ስለ ወፍ፣ ስለ አጥንትና ስለ ድንጋይ የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት እዚያው በሥራ ላይ ነው።

የሚያገኟትን ገንዘብ ይዘው በ1901 ወደ ቆጵሮስ ተሻገሩ። 18 ወር ያህል ተራራውን በእግርና በበቅሎ እየዞሩ ዋሻ ፈለጉ። እዚያ የድንክ ጉማሬ አጥንት ሰበሰቡ፣ በ1902ም የድንክ ዝሆን አጥንት አገኙ። የአገሩ ሰው የእነዚህን እንስሳት አጥንት የቅዱሳን አጥንት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ፈጭቶም ለመድኃኒት ይጠጣው ነበር። ከቆጵሮስ በኋላ ቀርጤስን ዞሩ። በ1909 ደግሞ በማዮርካ ደሴት የፊት ጥርሱ እንደ አይጥ ዕድሜ ልኩን የሚያድግ፣ ፍየል የሚመስል የጠፋ እንስሳ አግኝተው ስም አወጡለት።

አሁን ወደ ወፏ እንምጣ። ዋሻ ሲቆፈር ሙሉ የወፍ አጽም ማግኘት ብርቅ ነው። የሚገኘው የተሰበረ ቅልጥም፣ የክንፍ አጥንት ጫፍ፣ አንዳንዴም አንዲት የጣት አጥንት ናት። የወፍ አጥንት ለበረራ እንዲቀል ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደቅቃል። ስለዚህ የአጥንቱ መካከል ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ጫፉ፣ ከሌላው አጥንት ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ያለው ጉብታ፣ ስርጉድና ጅማቱ የተያያዘበት ምልክት ከወፍ ወፍ ይለያያል። በእግሩ እየቀዘፈ ጠልቆ የሚዋኝ ወፍ የታችኛው እግሩ አጥንት ውሃውን እንዲሰነጥቅ ከግራና ከቀኝ ጠፍጠፍ ያለ ነው። አንዳንዶቹም ከጉልበታቸው በላይ የሚወጣ ሹል አጥንት አላቸው፤ ለመቅዘፍ የሚረዳው ትልቁ ጡንቻ የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው።

መርማሪው ስባሪውን ይዞ የዛሬ ወፎች አጥንት ወደ ተቀመጠበት መሳቢያ ይሄዳል። ከዳክዬ፣ ከዝይ፣ ከሽመላ፣ በዕብራይስጥ ባርቡር ከምንለው አንገተ ረጅም የውሃ ወፍ አጥንት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስተያያል፣ ይለካል። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጥንቱ የባርቡር ይመስላል እንበል፤ ግን ትንሽ ነው። ጫጩት ይሆን? የጫጩት አጥንት ጫፉ ስላልጠነከረ እንደ ሰፍነግ የተቦረቦረ ይመስላል። ጫፉ ጠንክሮ ካለቀ ግን ወፏ አድጋ የጨረሰች ናት፣ ትንሽነቷም የዘሯ ነው። ደግሞስ ሴት ሆና ይሆን ያነሰችው? ይህንን ሁሉ ሳያጣራ አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው ከባልደረቦቹ ፊት ያፍራል።

ማልታ ውስጥ ይህ ጥያቄ ይብሳል። ደሴት ላይ ብዙ ዘመን የተዘጋ እንስሳ መጠኑ ይለወጣል፤ ትልቁ ያንሳል፣ ትንሹ ይገዝፋል። በጥንቷ ማልታ ቁመታቸው አንድ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ዝሆኖች ነበሩ። በ1860ዎቹም ከዚያችው ደሴት የአንድ ግዙፍ ባርቡር አጥንት ተገልጿል፤ በልኩ ዛሬ ካለው ነጭ ባርቡር አንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። መብረርም አይችልም ነበር ተብሎ ይታሰባል።

ዶሮቴያ እጅ የገባው ግን የግዙፉ ተቃራኒ ነበር። ጋር ዳላም፣ የጨለማ ዋሻ ማለት ነው፣ ከሚባል የማልታ ዋሻ የወጣ አነስተኛ የአጥንት ስብስብ መረመሩ። በ1916ም ሳይንስ ከዚያ በፊት የማያውቃትን ድንክ ባርቡር ለይተው አሳተሙ። ሲግነስ ኢኩዊቱም አሏት፤ በላቲን የፈረሰኞቹ ባርቡር ማለት ነው። ማልታ ከ1530 እስከ 1798 በፈረሰኛ መነኮሳት ማኅበር ስትገዛ የኖረች ደሴት ናት። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወፏ ከባርቡር ይልቅ ወደ ዝይ ትጠጋ እንደሆነ ተከራክረዋል። ይህ ሥራቸውን አያሳንሰውም፤ ክርክሩ የቆመው እርሳቸው ለክተው በጻፉት ላይ ነውና።

የውሃ ወፍ አጥንት ሌላም ነገር ይናገራል። ዛሬ ማልታ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፣ ደረቅ ናት። ባርቡሮች ኖረውባት ከነበረ ግን ኩሬ ወይም ረግረግ ነበራት ማለት ነው። እንስሳውን በማወቅ ምድሩንና ዝናቡን ማወቅ የዶሮቴያ ትልቁ ጥበብ ይህ ይመስለኛል።

ይኸው ጥበብ ነው እኛ ወደምንኖርበት አገር ያመጣቸው። ዶሮቲ ጋሮድ የተባሉት የቅርስ ተመራማሪ ከ1929 እስከ 1934 የቀርሜሎስን ዋሻዎች ሲያስቆፍሩ የእንስሳቱን አጥንት የመረመሩት ዶሮቴያ ናቸው። በየንብርብሩ ስንት የሚዳቋ፣ ስንት ደግሞ ያሕሙር የምንለው የአጋዘን አጥንት እንዳለ ቆጠሩ። ሚዳቋ ሲበዛ ዘመኑ ደረቅ፣ አጋዘን ሲበዛ ዝናባማና ደናማ ነበር አሉ። ሥራው በ1937 ታተመ። አዳኞቹ መርጠው ያደኑትስ ቢሆን ብለው በኋላ የተከራከሩ አሉ፤ ያም ቢሆን የእንስሳትን ቁጥር የአየር ጠባይ መለኪያ ማድረግ በዚያን ጊዜ አዲስ ሐሳብ ነበር። በ1935 እና በ1937 መካከልም በቤተ ልሔም ከኤሊኖር ጋርድነር ጋር ቆፍረው የዝሆን፣ የአውራሪስና የግዙፍ ኤሊ አጥንት አወጡ። ዕድሜው ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ከጣና ወጥቶ የሚሄደው ዓባያችን ሱዳን ውስጥ በሚያልፍበት በሲንጋ የተገኙትን አጥንቶችም መርምረዋል። ያ ጽሑፍ የወጣው በሞቱበት በ1951 ነው።

ኃላፊነት የተሰጣቸው በ1948፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ነው፤ ትሪንግ በሚባለው ከተማ ያለውን የሙዚየሙን ቅርንጫፍ እንዲመሩ ተሾሙ። ዛሬ የሙዚየሙ የወፍ ስብስብ የሚገኘው በዚሁ በትሪንግ ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1951 በ72 ዓመታቸው አረፉ። ጠረጴዛቸው ላይ ገና ሊጽፏቸው ያሰቧቸው ጽሑፎች ዝርዝር ተገኘ፤ ከመጨረሻው ጎን በገዛ እጃቸው የባርቡር ዜማ መሆኑን ጽፈዋል። ባርቡር ሊሞት ሲል ያዜማል ስለሚባል አውሮፓውያን የሰውን የመጨረሻ ሥራ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው፤ በዕብራይስጥም ሺራት ሃባርቡር እንላለን።

ብዙም ሳይቆይ ቤት ተቃጥሎ ከግል ወረቀቶቻቸው ብዙው ጠፋ። የሕይወት ታሪካቸው በመጽሐፍ የወጣው ከሞቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2005 ነው።