አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የአዲስ አበባ ስታዲየም

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ጻፍ ባሉኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ቅዱስ ላሊበላ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ ቅዱሱ ንጉሥ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ካህናትና አስጎብኚዎች በከተማችን ሞልተዋል። ስለዚህ ስለ ኳስ ሰው ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እጽፋለሁ። ይህን የመረጥሁበትን ምክንያት አንባቢ በትዕግሥት ቢከተለኝ በኋላ ያገኘዋል።

በ2007 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤታችን የኳስ ቡድን አምበል ነበርሁ። በዚያው ክረምት የእናቴ ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ጠሩኝ። በጋሸናና በወልድያ በኩል ወርደን ደሴ አደርንና በማግሥቱ ማታ ደረስን። አጎቴ ከላስታ በልጅነታቸው ወጥተው በዘመድ ቤት ያደጉ፣ ኳስ እጅግ የሚወዱ ሰው ናቸው። ምን ላሳይህ ቢሉኝ ስታዲየሙን አልኋቸው።

ወሩ ነሐሴ ስለ ነበረ ጨዋታ አልነበረም። ዘበኛው ከአጎቴ ጋር ስለሚተዋወቁ አስገቡን። እኛ የምንጫወትበት ሜዳ ተዳፋት ስለሆነ፣ ኳሷ ካመለጠች አንድ ሰው ገደል ለገደል ሲፈልጋት ሌሎቻችን ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰፊና የተስተካከለ ሣር ባየሁ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃተኝ።

ስታዲየም ማለት አንድ ትልቅ ደረጃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንደ መንደር ነው፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ስምና የራሱ ሰው አለው። ጣራ ያለው ጥላ ፎቅ ይባላል። ካታንጋ የሚባለው ወገን ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ከዘመቱበት ከኮንጎው ግዛት ነው። ከማን አንሼ የተባለውን ስሰማ ሣቅሁ፤ ስሙ ራሱ ክርክር ነው። አጎቴ ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ ሚስማር ተራ ነው የተቀመጡት፤ እዚያው ወስደው አስቀመጡኝና ስለ አቶ ይድነቃቸው ይነግሩኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ ያነበብሁትንም ጨምሬ እነሆ አቀርባለሁ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው በዚያ ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር ባለቅኔ ነበሩ። ልጃቸው ግን ከቅኔው ይልቅ ኳሱን መረጡ። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ የጣሊያን ጦር ድንበራችንን አልፎ በገባበት ወራት፣ የአራዳ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ክለብ ሲያቋቁሙ፣ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ሆነው ገቡበት። በዚያ ክለብ 23 ዓመት ተጫውተዋል፤ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡም ይነገራል። ይህን ሁሉ ማን ቆጠረው ብዬ ብጠይቅ አጎቴ ተቆጡኝ።

በጠላት ዘመን ጥቁርና ነጭ አንድ ሜዳ ላይ እንዳይጋጠሙ ተከልክሎ ነበር። ወጣቱ ይድነቃቸው ኳስን የተማሩት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ ይህንም ነገር ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሪዎቹ አንዱ ሆኑ።

አሁን ወደ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ልመለስ። ቀኑ እሑድ፣ ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን ነበር። በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው በዚሁ ስታዲየም ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ቡድናችንን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ፤ ባላጋራችንም ከዚያ በፊት ዋንጫውን ሁለት ጊዜ የወሰደችው ግብፅ ነበረች። አጎቴ በዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩና መግቢያ አጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ዋሉ፤ ጎሉን የቆጠሩት በጩኸቱ ነው። በ35ኛው ደቂቃ ግብፅ ስታገባ ጸጥታ ሆነ። በ74ኛው ግርማ ተክሌ ሲያገባ አጥሩ ተንቀጠቀጠ፤ በ75ኛው ግን ግብፅ ደገመች፤ አጎቴም አልቅሰው ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። በ84ኛው ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አግብተው 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ነው፤ እሱም በአስመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው። ጣሊያን ከወጣ 21 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። አጎቴ ይህን ሲነግሩኝ በስታዲየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ ሜዳውን አየሁ።

ከዚያ በፊት በ1949 ዓ.ም. የሆነውም እንዲሁ ነው። አቶ ይድነቃቸው ከግብፅና ከሱዳን ሰዎች ጋር የአፍሪቃን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠርቱ ደቡብ አፍሪቃም አብራ ነበረች። ለመጀመሪያው ዋንጫ ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች፤ ከውድድሩም ወጣች። የወጣችው ከኢትዮጵያ ጋር ልትጋጠም በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ እኛ ሳንጫወት ለፍጻሜ ደረስን፤ በፍጻሜውም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ብቻ ይቆጥረዋል፤ እኔ አልቆጥረውም። ለአፍሪቃ የራሷ ቦታ ባለመሰጠቱም አህጉሩ በሙሉ ከ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ሲቀር፣ አቶ ይድነቃቸው ከተከራካሪዎቹ ግንባር ቀደም ነበሩ፤ ለሚቀጥለው ውድድር አንድ ቦታ ተገኘ። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ሐምሌ በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪቃ ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባረረች። አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት እስካረፉ ድረስ ከፕሬዚዳንትነታቸው አልወረዱም። የሚያሳዝነው፣ የመሠረቱት ኮንፌዴሬሽን ራሱ በ2010ዎቹ ይህ ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም ማለቱ ነው።

እንግዲህ ምክንያቴን ልናገር። በዚያው ዓመት ከክፍላችን በግራ እግሩ እንደ እሱ የሚመታ የሌለ አንድ ልጅ ነበረ። አባቱ ቀጥቃጭ ነው። ሌሎቹ ልጆች እሱ የለበሰውን መለያ አንለብስም፣ በጠጣበት ኩባያም አንጠጣም አሉኝ። እኔም አምበል ሆኜ ሳለሁ ቡድኑ ሞልቷል ብዬ መለስሁት። ውሸቴን እንደ ነበረ እሱም ያውቅ ነበር፤ አልተከራከረኝም።

መስከረም ላይ ስመለስ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ጻፍሁ፤ ስሙንም ከላይ አደረግሁ። ሁለት ልጆች በዚያው ቀን ከቡድኑ ወጡ። እቤቱ ሄጄ ብነግረው፣ ምን አገኘህ ብሎ አልጠየቀኝም። ውኃ በጣሳ ቀድቶ ጠጣና ለእኔ አቀበለኝ፤ እስክጨርሰውም ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተጫወትን፤ 3 ለ 0 ተሸነፍን።