ጆናታን ሃቺንሰን እና ባርኔጣ መድፋት ያቃታቸው አዛውንት

ስለ ጆናታን ሃቺንሰን ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ፤ ሐኪምዎ ግን ሳያውቋቸው አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1828 በእንግሊዝ አገር ሰልቢ በተባለች ከተማ ተወለዱ፤ በለንደን ሆስፒታልም ለረጅም ዓመታት በቀዶ ሐኪምነት ሠሩ። የሥጋ ደዌ ከተበላሸ ዓሣ ይመጣል ብለው ይከራከሩ ነበር፤ በዚህ ተሳስተዋል። በሽተኛ ሲመለከቱ ግን ብዙ ነገር አያመልጣቸውም።

በ1890 የጻፉት አንድ ታሪክ፣ ዕድሜዎ ከ50 ካለፈ፣ እርስዎንም ይመለከታል። አንድ አዛውንት ራሳቸው ላይ ቀይ መስመሮች ወጥተው ስላመሟቸው ባርኔጣ መድፋት አቃታቸው። መስመሮቹ ያበጡና የተቆጡ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነበሩ፤ ትርታቸው እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ቆመ። ዛሬ ይህ በሽታ ጃያንት ሴል አርተራይቲስ ይባላል። ያበጠው ቧንቧ ደም ወደ ዓይን የሚወስደው ከሆነ ዓይን ሊጠፋ ይችላል፤ በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄደው ከሆነ ደግሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ስትሮክ ያስከትላል።

ሃቺንሰን በ1913 ሲሞቱ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ ስቴሮይድ አለ። አዲስ ራስ ምታት ከጀመረዎ፣ ሲያበጥሩ የራስ ቆዳዎን ካመመዎ ወይም ሲያኝኩ መንጋጋዎ ከደከመ በዚያው ዕለት ይመርመሩ። ዕይታዎ በድንገት ከደበዘዘ ወይም ነገሮች ሁለት ሆነው ከታዩዎ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሐኪሙ የናሙናውን ውጤት ሳይጠብቁ ስቴሮይዱን ሊያስጀምሩዎ ይችላሉ፤ ሕመሙ ቢሻልዎም በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡት።