ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከአራዳ ሜዳ እስከ ዓለም ጉባኤ

በኅዳር ወር 1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ከውጭ አገር ቡድን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ተጋጠመ። እንግዳው ቡድን የጅቡቲ ነበር። ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች። ውጤቱ በስፖርት መዝገብ ላይ በአንድ መሥመር ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን ያን ቀን ፊት ለፊት የቆሙት ሁለት ወገኖች የነበሩበትን ሁኔታ ለሚያስብ ሰው፣ ጨዋታው ከግብ ቍጥር የሚበልጥ ነገር አለው። አንደኛው ወገን ከጣልያን ወረራ ነፃ ከወጣ ገና ስድስት ዓመት ተኩል የሆነው ሕዝብ ነው። ሁለተኛው በቅኝ አገዛዝ ሥር የሚኖር፣ የራሱ ሰንደቅ ዓላማ ያልነበረው፣ ፈረንሳዮች ባወጡለት «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» በሚል ስም የሚጠራ አገር ነበር። አንድ ሕዝብ በኳስ ሜዳ ላይ በማን ስም ይሰለፋል? ከማንስ ጋር ይጫወት ዘንድ ይፈቀድለታል? ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉት ኢትዮጵያዊ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ እኚህም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው፣ እዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥማቸውና በጨዋታቸው እስከ ዛሬ የሚታወሱ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ወደ አውሮጳ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ በጅቡቲ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። የውጭው ዓለም ዕቃም ወሬም ልማድም በብዛት ይመጣ የነበረው በዚሁ በር ነው። የአባትየው ጨዋታ በአፍ፣ የልጅየው ጨዋታ በእግር ሆነ እንጂ፣ ሁለቱም ከባሕር ማዶ የመጣውን ነገር ተቀብለው የአገራቸው ያደረጉ ሰዎች ናቸው።

እግር ኳስን በአዲስ አበባ አስቀድመው ይጫወቱ የነበሩት በከተማይቱ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች፣ በተለይም ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣልያኖች ነበሩ። የአራዳ ልጆች ዳር ቆመው እያዩ ተማሩት። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ወዳጆቻቸውን አሰባስበው የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን መሠረቱ። አቶ ይድነቃቸው ወደዚህ ቡድን የገቡት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው፤ ማልያውንም እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለ23 ዓመት አላወለቁትም። ዛሬ አንድ ተጫዋች ዐሥር ዓመት በአንድ ክለብ ቢቆይ እንደ ታማኝ ይቈጠራል።

ቡድኑ በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ አገር ተወረረ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. በምድር ባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ፋሺስቶች ኳስን አልከለከሉም፤ የከፋውም ይህ ነው። ጨዋታውን እንዳለ ትተው የሚጫወተውን ሕዝብ በቀለም ለዩት። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር እንጂ ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ተደረገ፤ ሜዳውም ቡድኑም ውድድሩም ተለያየ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ተፍቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ፤ ሊቶሪዮ የፋሺስቶች ዓርማ መጠሪያ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ከዐሥራ አራት ዓመቱ እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ማለት ሰው ጠባዩና አሳቡ በሚቀረጽበት ዕድሜ፣ በየሳምንቱ የጠላትን ዓርማ በስሙ ላይ ተሸክሞ ወደ ሜዳ ሲገባ ምን ሊማር ይችላል? ብዙ ሰው መጥላትን ብቻ በተማረ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ግን በኋላ ዘመን በሠሩት ሥራ እንደሚታየው፣ ሁለት ነገር ተምረዋል፤ ኳስ ሜዳ የሰው እኩልነት በግልጽ የሚፈተንበት ስፍራ መሆኑንና፣ ደንቡን የሚጽፈው ሰው ጨዋታውን የሚጫወተውን ሰው እንደሚገዛው። ተጫዋችነታቸውን ሳይተዉ ወደ ደንብ ጽሕፈትና ወደ አስተዳደር የገቡት ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ቡድኑ ስሙን መልሶ ያዘ። ብዙ ሳይቆይም የኢትዮጵያ ስፖርት በማኅበር እንዲተዳደር ሲደረግ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ሆኑ። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ሊግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት ከሐበሻ ጋር እንዳይጫወት ተለይቶ የነበረው ጣልያናዊ በአንድ ሊግ፣ በአንድ ደንብ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ተሰልፎ መታየቱ ከዋንጫው ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው በ1942 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ጊዜ ጅቡቲ የጦርነቱን ፍዳ በሌላ መንገድ ታይ ነበር። የከተማይቱ ገዢዎች ለጀርመን እጁን ለሰጠው ለቪሺ መንግሥት ታማኝ ሆነው በመቆየታቸው፣ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ወደቡን ዘግቶ ሕዝቡ በረኀብ ተቸገረ፤ በሩ የተከፈተው በታኅሣሥ ወር 1935 ዓ.ም. ከተማይቱ ወደ ነፃ ፈረንሳይ ወገን ስትገባ ነው። እንግዲህ በ1940 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተገናኙት ሁለቱ ቡድኖች የሁለት ጎረቤት ሕዝቦች ብቻ ሳይሆኑ፣ ጦርነት ካደቀቃቸው በኋላ ቀና ያሉ የሁለት ከተሞች ልጆች ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው በተጫዋችነት ዘመናቸው ለብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። የመሠረቱት አራት አገሮች ናቸው፤ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት ዋነኛው አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኖቹ ሊሰለፉ ሲሉ የደቡብ አፍሪካ መልእክተኛ ከአገሩ ይዞት የመጣውን አሳብ አቀረበ፤ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ቡድን፣ አለዚያም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንልካለን፣ የተደባለቀ ቡድን ግን አይሆንም አለ። ለውቤ ሠፈሩ ልጅ ይህ ነገር እንግዳ አልነበረም። ሦስቱ አገሮች አንድ ቃል ሆኑ፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ያን ጊዜ አፍሪካ በሞላው ማለት ይቻላል በቅኝ ገዢዎች እጅ ነበር። የዓለም መንግሥታት በአፓርታይድ ላይ ገና ቃላቸውን አንድ ባላደረጉበት ሰዓት ሦስት የእግር ኳስ ማኅበሮች በአንድ ስብሰባ ቈረጡ። ኢትዮጵያም ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ለቡድኑ መራራ ነበር፤ ለነገሩ ግን የሚገባ ዋጋ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም እነዚያው ግብጾች ቆመው ጠበቋት። ግብጽ አንድ አገባች፤ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ከደስታው ሳይመለስ በቀጣዩ ደቂቃ ግብጽ ዳግመኛ አገባች። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን ግብ አስቈጠረ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አገቡና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ከጣልያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት በአሥመራ የተወለደ ሰው ነበር። የፋሺስት ሕግ እንደ እርሱ ያለውን ልጅ ከአባቱም ከእናቱም ወገን ለይቶ ሊያስቀረው ይፈልግ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ሜዳ ላይ የተሸነፈው ግብጽ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

ከዚያ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ሜዳ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ሙሉ ቦታ ነፍጎ፣ የአፍሪካው አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር እንዲጋጠም በወሰነ ጊዜ፣ በጋናዊው ኦሄኔ ጃንና በአቶ ይድነቃቸው ግፊት የአፍሪካ አገሮች በሞላ ከማጣሪያው ወጡ። ያኰረፈ ሰው ከቤት ይቀራል እንጂ ምን ያመጣል ያለ ብዙ ነበር። ነገር ግን በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተሰጥቷት ሞሮኮ ተሰለፈች። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ በ1955 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ጎብኝተው ሲመለሱ የታገደችው አገር ዕግድ ተነሣላት፤ የአፍሪካና የእስያ ድምፅ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ በቶኪዮ ጉባኤ መልሶ አሳገዳት። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ራውስ በብራዚላዊው ዣዎ ሀቬላንዥ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ዋና ድርሻ ነበረው፤ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ጨርሳ ተባረረች። በኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙም አቶ ይድነቃቸው በአህጉሩ ወንበር ላይ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ፤ የዓለም አቀፍ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ።

በሁሉም ነገር ቀንቷቸው ነበር ማለት ግን አይደለም። በአውሮጳ ክለቦች የሚጫወቱ አፍሪካውያን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት እንዳይበልጡ የሚወስን ደንብ ነበር፤ አቶ ይድነቃቸው ይህን ደንብ ይደግፉ ነበር። የአህጉሩ ችሎታ እንደ ጥሬ ዕቃ ወደ ባሕር ማዶ መጋዙን አይወዱም ነበርና። ሥጋታቸው እውነት እንደ ነበረ ዛሬ ማንም ያያል፤ ደንቡ ግን ለእንጀራው የተሰደደውን ልጅ ለአገሩ እንዳይጫወት የሚከለክል በመሆኑ ብዙዎች ተቃወሙት፤ በ1974 ዓ.ም. ተሻረ። መብቱ የተገፋውን ሰው ሲረዱ የኖሩ ሰው በዚህ ጊዜ ከተጫዋቹ ይልቅ ለማኅበሩ አደሉ ማለት ይቻላል።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት፣ በካንሰር ሕመም በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። በእንቍጣጣሽ የተወለዱት ሰው ዓመቱ ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሄዱ። ጅቡቲ ከሰኔ 1969 ዓ.ም. ጀምሮ በራሷ ሰንደቅ ዓላማ ነፃ መንግሥት ሆና ነበር፤ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን አባል የሆነችው ግን እርሳቸው ካለፉ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ነው። ደቡብ አፍሪካም በሞቱበት ጊዜ ገና ከሜዳ ውጭ ነበረች። አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ፣ በጥር ወር 1988 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ የአፍሪካን ዋንጫ አስተናግዳ ቱኒዝያን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ ፊት ዋንጫውን ያነሣው ነጩ አምበል ኒል ቶቪ ሲሆን፣ ከኋላው የቆሙት ጓደኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ።