ቪለም አይንቶቨን፦ የልብን ትርታ በወረቀት ያሰፈረው ሐኪም

በሪያድ ሱለይማኒያ ሰፈር በሚገኘው የልዑል ሱልጣን ወታደራዊ የሕክምና ከተማም ሆነ በሌላ ታላቅ ሆስፒታል የልብ ምርመራ የታዘዘለት ሰው ደረቱና እጅ እግሩ ላይ ሽቦ ተለጥፎለት ለጥቂት ደቂቃ ይጋደማል። ከመሣሪያው በሚወጣው ወረቀት ላይ የሚታዩትን ሞገዶች እ.ኤ.አ. በ1895 ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ እና ቲ ብሎ የሰየማቸው ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም አይንቶቨን ነው።

አይንቶቨን በ1860 በጃቫ ደሴት፣ በሰማራንግ ከተማ ተወለደ። ደሴቲቱ ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ነበረች። የጦር ሐኪም የነበረው አባቱ በልጅነቱ ሞተበት፤ እናቱም በ1870 ስድስት ልጆቿን ይዛ ወደ ሆላንድ ተሻግራ በዩትሬክት ተቀመጠች። በዚያው ከተማ ሕክምና ተማረ፤ በሃያ አምስት ዓመቱም በላይደን ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰርነት ተሾመ።

የሰውን ልብ ኤሌክትሪክ ደረት ሳይከፈት መመዝገብ እንደሚቻል በ1887 በለንደን ያሳየው አውግስጦስ ዎለር ነበር። ሆኖም የዎለር የሜርኩሪ መሣሪያ ዘገምተኛ በመሆኑ የሞገዱን ቅርጽ ያዛባ ነበር። አይንቶቨን ስሕተቱን በሒሳብ ሲያርም ከቆየ በኋላ ሌላ መንገድ ፈለገ። በብርቱ ኤሌክትሮማግኔት ዋልታዎች መካከል ከጸጉር እጅግ የቀጠነ፣ ብር የተቀባ የኳርትዝ ክር ወጠረ፤ የልብ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚወዛወዘውን የክሩን ጥላም ፎቶግራፍ አነሣ። መሣሪያው 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ አምስት ሰው ያንቀሳቅሰዋል፣ በውኃም ይቀዘቅዛል። ታማሚው እጁንና እግሩን የጨው ውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ይህን ግዙፍ ዕቃ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ስለማይቻል፣ በ1905 የታማሚዎቹን የልብ ትርታ በስልክ ሽቦ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራው አስተላለፈ። ዛሬ አዲስ ነገር ተደርጎ የሚወራው የርቀት ሕክምና ያን ያህል ዕድሜ አለው።

ከመሣሪያው ይልቅ ዘላቂ የሆነው ግን መለኪያውን አንድ ወጥ ማድረጉ ነው። ዛሬ በተለመደው ፍጥነት፣ በወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ ናት። ኪው፣ አር፣ ኤስ የተባሉት ሞገዶች ኤሌክትሪኩ በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች ለመሰራጨት የፈጀውን ጊዜ ያሳያሉ። የልብ ድካም ባለበት ሰው ይህ ጊዜ ከሦስት ካሬ፣ ማለትም ከ0.12 ሰከንድ ሲያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ የልቡ ግራና ቀኝ እኩል አይኮማተሩም፤ እንዲህ ያሉ ታማሚዎች በሞትም በተደጋጋሚ ሆስፒታል በመተኛትም የበለጠ እንደሚጎዱ ጥናቶች አረጋግጠዋል። የልብ ጡንቻው ደክሞ በግራ በኩል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የተዘጋበትና ስፋቱ 0.15 ሰከንድ የደረሰ ታማሚ ሁለቱን ጎን አብሮ ከሚያስመታ ልዩ የልብ መሣሪያ በእጅጉ ይጠቀማል። እርግጥ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ሐኪሙ ከአልትራሳውንድ ውጤትና ከታማሚው ሁኔታ ጋር ያገናዝበዋል። የቀድሞውን ወረቀት ያስቀመጠ ታማሚም ለንጽጽር ይረዳዋል።

አይንቶቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ ገንዘቡን በሥራው ከረዳውና ቀድሞ ከሞተው የቤተ ሙከራ ረዳቱ ሁለት ችግረኛ እኅቶች ጋር እንደተካፈለ ይነገራል። በመስከረም 1927 መጨረሻ በላይደን አረፈ።