ግሌን ከርቲስ

ግሌን ሃሞንድ ከርቲስ (እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1878 – ጁላይ 23 ቀን 1930) አሜሪካዊ የአውሮፕላን ሠሪና አብራሪ ነበር። የተወለደው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሃሞንድስፖርት በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። መጀመሪያ ብስክሌት ይጠግንና ይሸጥ ነበር፤ በ1907 በራሱ በሠራው ሞተር ብስክሌት በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ።

ከውሃ ላይ በመነሳት ፈረንሳዊው አንሪ ፋብር በ1910 ቀድሞታል። የከርቲስ ድርሻ አውሮፕላኑን ደጋግሞ እያሻሻለ ለሥራ እንዲውል ማድረጉ ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1911 በሳን ዲዬጎ ወደብ ሲበር ከአውሮፕላኑ ሥር አንድ ሰፊና አንድ አነስተኛ ተንሳፋፊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱን አንስቶ 3.7 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንድ ተንሳፋፊ ተካቸው። በፌብሩዋሪ ደግሞ ሞተሩን ከፊት አድርጎ ፔንስልቬኒያ ወደተባለው የጦር መርከብ ሄደ፤ መርከቡም አውሮፕላኑን በክሬን አነሳው። ሆኖም የፕሮፔለሩ ነፋስና የሞተሩ ጭስ ፊቱ ላይ ስለሚመጣ አልወደደውም። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን አብራሪው ፊት ለፊት ያለውን ውሃ ሳይጋረድ ያያል።

ከሁሉ ያስቸገረው ግን ውሃው ራሱ ነው። የመጀመሪያው የሚበር ጀልባው ሆዱ ልሙጥ ስለነበር ውሃው ስቦ ይይዘው ነበር። በ1912 ከርቲስ ከጀልባው ሥር እንደ ደረጃ ያለ እርከን ሠራ፤ በዚያ አየር ሲገባ ጀልባው ከውሃው ይላቀቃል። ይህ እርከን ዛሬም በባሕር አውሮፕላኖች ላይ ይታያል።

ኩባንያው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ጋር የሠራው ኤንሲ-4 በ1919 እያረፈ አትላንቲክን ተሻገረ። ከርቲስ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ በ52 ዓመቱ በቡፋሎ ሞተ።