በርናር ፓሊሲ፦ ሸክላ ሠሪውና የቅሪተ አካል ተመራማሪው

በርናር ፓሊሲ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የኖረ ሸክላ ሠሪና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። የተወለደው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በ1510 ዓ.ም. ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ላቲንም ሆነ ግሪክ አልተማረም። በወጣትነቱ የተማረው ባለቀለም የመስተዋት ሥራ ነበር፤ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወርም አፈሩን፣ ምንጩንና የድንጋይ ካባውን ልብ ብሎ ይመለከት ነበር። በኋላ ትዳር መሥርቶ በሴንት ከተማ ተቀመጠ።

አንድ ቀን በነጭ ኢናሜል የተለበጠ የሸክላ ጽዋ አየ። ስለ ሸክላ አፈር ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆንም የዚያን ልባጭ ምሥጢር ሳያገኝ ላያርፍ ቆረጠ። ገል እየሰባበረ፣ ልዩ ልዩ ማዕድናትን እየፈጨ በላዩ ይቀባል፤ በእያንዳንዱ ላይ ምልክት አድርጎ የቀባውን ይመዘግባል፤ ከዚያም ወደ እቶን ይከታል። ብዙ ጊዜ የወጣለት ከንቱ ነገር ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ፣ ለግብር አሰባሰብ ሲባል የሴንቶንዥን የጨው ረግረጎች እንዲለካ ተቀጠረ፤ ያገኘውንም ክፍያ ወደ ሙከራው መለሰው። በአንድ ወቅት ወደ መስተዋት ሠሪዎች እቶን ከላካቸው ከ300 በላይ ስብርባሪዎች አንዱ ብቻ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ወጣ። ያ አንድ ገል ተስፋውን መለሰለት።

የራሱን እቶን በገዛ እጁ ሠራ። ስድስት ቀንና ስድስት ሌሊት ሳያቋርጥ ቢያነድም ኢናሜሉ አልቀለጠም። ማገዶ ሲያልቅበት የአትክልት ቦታውን ድጋፍ እንጨቶች፣ ቀጥሎም ገበታዎቹንና የቤቱን ወለል ሳንቃ ማገደ። ጎረቤት አበደ ብሎ አማው፤ ሐሰተኛ ገንዘብ ይሠራል ያሉትም ነበሩ። ዕዳው በዛ፣ ቤተሰቡም ተቸገረ፤ የሚስቱ ምሬት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከውድቀቶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የባልጩቱ ነገር ነው። እቶኑን የገነባበት ጭቃ በውስጡ የባልጩት ጠጠሮች ነበሩት። እሳቱ ሲበረታ ጠጠሮቹ እየፈነዱ ተበተኑ፤ ስንጣሪያቸውም በቀለጠው ኢናሜል ላይ ተጣበቀ። ዕቃዎቹ በርካሽ የሚገዛቸው ሰው ነበር፤ እርሱ ግን ስሙ እንዳይጠፋ ሰባበራቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የእባቡ ቀለም ሳይቀልጥ የእንሽላሊቱ አረንጓዴ ተቃጠለ። እያንዳንዱ ማዕድን ለእሳት የራሱ ጠባይ እንዳለው የተረዳው በዚህ መንገድ ነው። ፍለጋው ወደ 16 ዓመት ያህል ፈጀ።

ስሙን ያስጠራው ሥራ በእባብ፣ በእንሽላሊት፣ በእንቁራሪት፣ በዓሣና በዛጎል ቅርጽ የተሞላው ሰፊ ሳህን ነው። ቅርጾቹን በእጁ አልቀረጻቸውም፤ ከሞቱት እንስሳት አካል ላይ በጄሶ ቅርጽ አውጥቶ ሸክላውን በዚያ ውስጥ ይጫነው ነበር። ከዛጎሎቹ መካከል በፓሪስ ዙሪያ ከሚገኘው ድንጋይ የወጡ ቅሪተ አካላት ይገኙባቸዋል። ሸክላ ሠሪውና ተመራማሪው የተገናኙትም በዚሁ ሳህን ላይ ነው።

ፓሊሲ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ስለነበር በሃይማኖት ጦርነቱ ጊዜ የሥራ ቤቱ ተጎዳ፤ ራሱም ቦርዶ ታሰረ። ጥበቡን የሚወዱ መኳንንት በተለይም አን ደ ሞንሞራንሲ ስለ እርሱ አማለዱ። ከዚያም ወደ ፓሪስ ተጠርቶ ለንግሥት ካትሪን ደ ሜዲቺ በቱለሪ አትክልት ቦታ ሰው ሠራሽ ዋሻ የማስጌጥ ሥራ ተሰጠው።

ከ1575 ጀምሮ በፓሪስ ለሐኪሞችና ለሊቃውንት በክፍያ ትምህርት ይሰጥ ነበር። የሰበሰባቸውን ድንጋዮችና ቅሪተ አካላት በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ስሕተቱን ላስረዳው ሰው የከፈለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ አስታወቀ። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት በተራራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኙትን ዛጎሎች የጥፋት ውኃ እንዳመጣቸው ወይም ድንጋዩ በራሱ እንዳበቀላቸው ያስተምሩ ነበር። ፓሊሲ ግን፣ ዛጎሎቹ የሚገኙት በአለቱ እምብርት ጭምር እንጂ ላዩ ላይ ብቻ ባለመሆኑ፣ ፍጥረታቱ እዚያው በውኃ ውስጥ ኖረው ጭቃው ከነርሱ ጋር ድንጋይ ሆኗል አለ። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከምድር እንደጠፉም ገመተ። የምንጭ ውኃም ከዝናብ እንደሚመጣ፣ ወደ ምድር ሰርጎ የማያሳልፍ ሸክላ ወይም አለት ሲያጋጥመው እንደሚፈልቅ አስረዳ። ይህን ሁሉ በ1580 ባሳተመው መጽሐፍ በንድፈ ሐሳብና በተግባር መካከል በሚደረግ ንግግር መልክ አቀረበው፤ አሸናፊዋ ሁልጊዜ ተግባር ናት።

በእርጅናው ስለ እምነቱ ዳግመኛ ተያዘ፤ እምነቱን አልክድም በማለቱ በባስቲይ እስር ቤት ቆይቶ በ1590 ገደማ እዚያው አረፈ። ንጉሡ እስር ቤት ድረስ መጥቶ አነጋገረው የሚባለውን ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሩታል።

አስመሳዮቹ ስለበዙ ከሥራዎቹ የትኛው የእጁ እንደሆነ መለየት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ በሉቭር አካባቢ በተደረገ ቁፋሮ የሥራ ቤቱ ስብርባሪና የቅርጽ ማውጫዎቹ ተገኝተዋል፤ በጄሶው ላይ የዛጎሎቹና የእንሽላሊቶቹ ቆዳ መስመር ሳይቀር ይታያል።