መዋኛው በስማቸው የተጠራው አቶ ሜድጋር ኤቨርስ



ከኦቴሎ ጣቢያ በባቡር ተነሥተን፣ ማውንት ቤከር ላይ ወርደን በ48 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሰሜን ስናቀና፣ በ23ኛው አቬኑ ከጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ የሜድጋር ኤቨርስን መዋኛ እናገኛለን። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ለዋና ትምህርት አድርሰን እንመለሳለን እንጂ ስሙ የማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ስለሆነም በዚህ የ10ኛ ዓመት መጽሔታችን የእኚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ሜድጋር ኤቨርስ በ1925 በሚሲሲፒ ግዛት ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ዘምተው ሲመለሱ፣ በ1946 ድምፅ ሊሰጡ ቢሄዱ የታጠቁ ነጮች ከደጅ መለሷቸው። በ1952 ከአልኮርን ኮሌጅ ተመረቁ። በ1954 በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለመማር ቢያመለክቱ ተቀባይነት አላገኙም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ለጥቁሮች መብት የሚታገለው የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የመጀመሪያው የሚሲሲፒ ተጠሪ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ለጆሞ ኬንያታ ከነበራቸው አክብሮት የተነሣም የበኩር ልጃቸውን ዳረል ኬንያታ ብለው ሰየሙት።

በሚሠሩባት በጃክሰን ከተማ 5 የሕዝብ መዋኛዎች ነበሩ፤ 4ቱ ለነጮች፣ አንዱ ለጥቁሮች። በ1962 ፍርድ ቤት የከተማው መናፈሻዎች በዘር መለየታቸው ሕገ ወጥ ነው ሲል፣ ከተማው ልጆቹ አብረው ከሚዋኙ ብሎ መዋኛዎቹን ማስተዳደሩን ተወ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1971 ይህን ድርጊት በ5 ለ4 ድምፅ ሕጋዊ ነው አለ።

አቶ ኤቨርስ በጃክሰን ሱቆች ላይ የገበያ አድማ እንዲደረግ አስተባበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ጥቁሮች እንደ ነጮቹ ሁሉ አቶና ወይዘሮ ተብለው በክብር እንዲጠሩ ነበር። እኛም እዚህ አቶ ብለን የምንጠራቸው ይህንኑ በማሰብ ነው።

ግንቦት 1963 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ በአሜሪካ ስላለው የዘር መድልዎም ድምፃቸውን አሰምተው ነበር። ድርጅቱ በተመሠረተ በ18ኛው ቀን፣ ሰኔ 12፣ አቶ ኤቨርስ ከሥራ አምሽተው ሲገቡ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተመቱ። ዕድሜያቸው 37 ነበር። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው ቤት ውስጥ ነበሩ። አስከሬናቸው በአርሊንግተን የጦር ሠራዊት መካነ መቃብር በክብር አረፈ። በ1964 ሁለት ጊዜ ቢዳኝም ዳኞቹ ሳይስማሙ ቀርተው የተለቀቀው ገዳይ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ መርሊ ተስፋ ሳይቆርጡ በመታገላቸው በ1994 ተፈረደበት።

በየአገሩ በመዋኛ ግድግዳዎች ላይ ከባለቀለም ድንጋይና ከመስታወት ስብርባሪ የተገጣጠመ ሞዛይክ እናያለን፤ የዋናተኞችን ደስታ ያሳያል። በሲያትል ግን የልጆቻችን ደስታ ራሱ፣ በአንድ ውኃ ውስጥ ከሁሉም ጋር ሲንቦጫረቁ፣ የእኚህ ሰው መታሰቢያ ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቻችንን ወደ ዋና ስንወስድ፣ በሩ ላይ ቆም ብለን ስሙን እናንብብላቸው፤ ታሪኩንም እንንገራቸው።

መልካም የ10ኛ ዓመት በዓል!